ኮፈን ሲከፈት

አዲስ አበባ ውስጥ ብቸኝነት ያስቸገረው ሰው ሌላ መድኃኒት አያስፈልገው፤ የመኪናውን ኮፈን ይክፈት። ሰው ሳይጠራ ይመጣለታል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ከሆነማ ኮፈኑ ገና በዘንጉ ሳይደገፍ ሦስት አራት ራስ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል። አንዱ የጥርስ ብሩሹን እንደነከሰ፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን ሳያወርድ፣ ሦስተኛው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ዳቦውን ረስቶ። ምን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። በቀጥታ ወደ ፍርድ ነው፦ "ይቺ እኮ ካንዴላ ናት!"

የእኔዋ ካንዴላ አልነበረችም። እንዲያውም ምንም አልሆነችም። እሑድ ማለዳ ያሰብኩት የራዲያተሯን አሮጌ ውሃ አፍስሼ፣ ውስጧን አጥቤ፣ አዲስ ኩላንት ልሞላላት ብቻ ነበር። ግን መንገድ ላይ ካልቆመች በቀር የመኪና ኮፈን በማይከፈትበት ከተማ፣ የጤነኛ መኪና ኮፈን ከፍቶ መቆም ያስጠረጥራል።

"ሳትታመም ምን አስነካህ?" አሉኝ ሻምበል።

ሻምበል ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት የጭነት መኪና ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ ስለ ሞተር ሲናገሩ ዛሬም ትእዛዝ የሚሰጡ ይመስላሉ።

"እንዳትታመም ብዬ ነው፣ ሻምበል።"

"ጤነኛ ሰው ሆስፒታል ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?"

እውነት ለመናገር አላየሁም።

ጋራዥ ወስጄ ማሠራት እችል ነበር። ጋራዥ ግን ይህን ሥራ ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። ከታች የሚፈሰውን ያፈሳል፣ ከላይ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ይደቅናል፣ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ "አለቀ" ይላል። ለጋራዥ የራዲያተር ሥራ የሚጀምረው መኪናዋ ፈልታ፣ ጓርኒሲዮኗ ተቃጥሎ፣ ቴስታታዋ ተጣሞ ስትመጣ ነው። ያኔ ደግሞ ሒሳቡም ይፈላል።

ነገሩ ቢናቅም ትልቅ ነገር ነው። ቤንዚን ተቃጥሎ ከሚሰጠው ሙቀት ጎማ የሚያሽከረክረው ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ሲሶ ያህሉ በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ሌላ ሲሶ ያህሉ በሞተሩ ዙሪያ ወደሚዞረው ውሃ ይገባል። ማደያ ተሰልፈን ከምንከፍለው ብር ሲሶው ውሃ ማፍያ ነው ማለት ነው። መኪና ስትፈጠርም ይኸው ችግር አብሯት ነበር። ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 ያስመዘገባት ባለ ሦስት እግር መኪና ሞተሯን የምታቀዘቅዘው ውሃውን አፍልታ በማትነን ስለነበር ስትሄድ ውሃ ትጠጣ ነበር። በ1888 ሚስቱ ቤርታ ባሏን ሳታስፈቅድ፣ ሁለት ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ነዳቻት። ነዳጁን ከፋርማሲ እየገዛች፣ ውሃውን ካገኘችበት እየቀዳች፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ደረሰች። የዓባይን በረሃ በኤንትሬ የጭነት መኪና የወጣ የእኛ አገር ሹፌር ይህን ታሪክ ሲሰማ ቤርታን የሹፌሮች ማኅበር አባል አድርጎ ይመዘግባታል። በትንንሽ ቱቦዎች የተሞላው ራዲያተር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዊልሄልም ማይባህ ለመጀመሪያዋ መርሴዲስ የሠራው 8,070 ትንንሽ ቱቦዎች ነበሩት። የእኔዋ ቶዮታ ዲኤክስ ያን ያህል የላትም። ያሏት ግን በዝገትና በጭቃ የሚደፈኑት አንድ በአንድ፣ በዝምታ ነው። ቦሌ ለቦሌ ሲነዱ አይታወቅም፤ እንጦጦ ሲወጡ ግን የሙቀት መቁጠሪያው እጁን ያነሳል።

"ሞተሩ ቀዝቅዟል?" አሉኝ ሻምበል፣ እጄን ወደ ክዳኑ ስሰድ።

"ቆማ ነው ያደረችው።"

አላመኑኝም። ራዲያተሩን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ የሹራባቸውን እጅጌ ጠቀለሉና ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው የሚደርስ አሮጌ ጠባሳ አሳዩን። "ከዓባይ ስወጣ፣ ጎሐ ጽዮን ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ ፈላች። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት። ጨርቅ ለብረቱ ነው፤ እንፋሎት ጨርቅ አይፈራም።"

በዚህ ነገር ላይ ከሻምበል ጋር የሚከራከር ሰው መኪና ባይኖረው ይሻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የእናቶቻችን ባቄላ የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ግፊት ነው። ክዳኑ እስከዚያ ድረስ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል፤ የታፈነ ውሃ ደግሞ ከ110 ዲግሪ ሲያልፍም ላይፈላ ይችላል። ሞቃ ሳለች ክዳኑን የከፈተ ሰው ግፊቱን በቅጽበት ያነሳል፤ መፍላት የነበረበት ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ወደ ፊቱ ይመጣል።

ሳፋ ከሥር ገፋሁና የማፍሰሻውን ብሎን አላላሁ። የእጅ ባትሪ የያዘልኝ የሁለተኛ ፎቅ ማሙሽ ነበር። በዚያ ጠዋት ምንም ምክር ያልሰጠኝ ብቸኛው ሰው እሱ ነው፤ እሱ የሚጠይቀው ብቻ ነበር። "ለምን ቀይ ሆነ?" አለኝ፤ ከራዲያተሩ የወጣው የሸክላ ቀለም ያለው ውሃ ነበርና። የሞተሩ ብረት እየዛገ መሆኑን ነገርኩት። "ታዲያ አያልቅም?" አለ። ዙሪያውን የቆመው አዋቂ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላነሳም።

ዝገት ደግ ምልክት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከእሱ የሚብስ ግን አለ። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ ማየት ይገባል። ውሃና ዘይት ከተገናኙ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል፤ እዚያ ላይ የደረሰ ሰው ኩላንቱን ለሌላ ጊዜ አስቀምጦ ሁለቱን ስለሚለየው ጓርኒሲዮን ያስብ። የእኔዋ ዘይት ጥቁር ነበር፤ ጥቁርነቱን እንዲህ ወድጄው አላውቅም።

"ብታፈስ ጥሬ እንቁላል ስበርባት" አለ ዳቦ የረሳው ጎረቤቴ።

"አታፈስም።"

"ለመጠባበቂያ!"

እንቁላል በሙቀቱ በስሎ ቀዳዳ እንደሚደፍን የታወቀ ነው። ችግሩ ቀዳዳን ከቱቦ መለየት አለመቻሉ ነው።

ከዚያ የገዛሁትን ኩላንት ከፌስታል አወጣሁ፤ ጦርነቱም ያኔ ተጀመረ።

"እሱ ለፈረንጅ ነው" አሉ ሻምበል። "በረዶ ላለበት አገር። እዚህ ምን ይጋገራል? ንጹሕ ውሃ ሙላና ግባ።"

ይህን ለደብረ ብርሃን ሰው ቢነግሩት፣ የታኅሣሥን ውርጭ አስታውሶ ይስቅባቸዋል። ለአዲስ አበባ ግን ግማሽ እውነት አላቸው። ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ ኩላንት ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ድረስ አይጋገርም፤ ይህ ለሳይቤሪያ እንጂ ለሳሪስ አያስፈልግም። ሻምበል ያላነሱት፣ ቢያነሱት ግን የሚያሸንፉበት ሌላ ነጥብም ነበራቸው፤ ሙቀት በመሸከም ከንጹሕ ውሃ የሚበልጥ ፈሳሽ ማግኘት ቀላል አይደለም። ኩላንት ሲገባበት ውሃው የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ታዲያ ለምን እንጨምራለን? አንዱ ምክንያት የመፍያውን ነጥብ ጥቂት ከፍ ስለሚያደርግ ነው። ዋናው ግን ዝገት ነው። ሞተሩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ የአሮጌ መኪና ራዲያተር ደግሞ መዳብና ናስ ነው፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ውሃ ተነክረው ሲሞቁ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። ኩላንት ውስጥ ያሉት ቅመሞች የሚያስታርቁት እነሱን ነው። ቅመሞቹ በጊዜ ያልቃሉ፤ የሚቀየረውም ለዚህ ነው፤ ቀለሙ ስለለቀቀ አይደለም።

ቀለም ያልኩት ሳላስበው አይደለም። የቪትዝ ታክሲ የሚነዳው የሦስተኛ ፎቅ ልጅ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንስቶ አየው። "አረንጓዴ ነው እንዴ የገዛኸው? ኦሪጅናሉ እኮ ቀዩ ነው።"

"ቀዩ ለናፍጣ ነው" አለ የጥርስ ብሩሹ ባለቤት፣ አረፋውን ተፍቶ።

"ማነው ያለው?"

"የታወቀ ነው።"

በዚህ ግቢው በሁለት ፓርቲ ተከፈለ። ቀዮቹ አረንጓዴ ራዲያተር ይበላል አሉ፤ አረንጓዴዎቹ ቀዩ ጎማ ያላላል አሉ። አንድ አዲስ መጪ ሰማያዊም እንዳለ ተናግሮ ከሁለቱም ወገን ተወገዘ። ቀለሙ ግን ቀለም ብቻ ነው፤ ፋብሪካው የሚነክረው ፍሳሽ በቀላሉ እንዲታይና አንዱ ከሌላው እንዲለይ ነው። አንዱ ፋብሪካ አረንጓዴ ያደረገውን ሌላው ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። ቶዮታ እንኳ ራሱ ሁለት ዓይነት አለው፤ ቀዩ በ40,000 ኪሎ ሜትር ወይም በሁለት ዓመት የሚቀየር ሲሆን፣ ሮዙ በአዲስ መኪና ላይ እስከ 160,000፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ነው። መነበብ ያለበት የጠርሙሱ ጀርባ ነው፤ ቁም ነገሩም አንዱን ዓይነት ከሌላው አለመቀላቀል ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ "ቀይ ስጠኝ" የሚል ሰው ቀይ ያገኛል፤ ቀይ ውሃም ቀይ ነው።

ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ቀዮቹ ቀይ፣ አረንጓዴዎቹ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ።

ክርክሩን ያበረደው ኩላንት ሳይሆን ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ያ እሑድ የእኛ ብሎክ ውሃ ፈረቃ ነበር፤ በሁለት እጃቸው ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዘው፣ እኔ በባልዲ ራዲያተሩ አፍ ላይ ውሃ ሳንቆረቁር ደረሱ። ጀሪካኖቹን መሬት አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እኛ ለሰው ያጣነውን አንተ ለብረት ታጠጣለህ?"

ሁሉም ጸጥ አለ። የጥርስ ብሩሹ እንኳ ቆመ። መልሴን በሒሳብ ጀመርኩት። ይህቺ መኪና በአንዴ የምትይዘው አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ ሞልቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ አዙሮ፣ ቀዝቅዛ ማፍሰስ ነው፤ አራት ጊዜ ቢደገም ሃያ ሊትር፣ አንድ ጀሪካን። መኪና ማጠቢያ ቤት ውጪዋን ብቻ ሲያጥቡ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈሳል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ግን አንድ ጀሪካን ውሃ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ በጀርባው ያልወጣ ሰው "አንድ ጀሪካን ብቻ" ማለት እንደማይገባው ከፊታቸው አነበብኩ።

"ደግሞ የመጨረሻው ሙሌት በቧንቧ ውሃ አይደለም" አልኩ፣ ያሻሻልኩ መስሎኝ። "የተጣራ ገዝቻለሁ።"

"ለመኪና የተጣራ!" አሉ እትዬ፣ ወደ ሻምበል ዞረው። "ለእኛ ጉድጓድ!"

የተናገሩት ወደ ነጥቡ የቀረበ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ግርጌ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው እሱ ነው። ያው ቅርፊት በሞተር ውስጥ የሙቀት መውጫውን ይጋርዳል። ለማጠቢያ የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ ለመጨረሻው እጥበትና ለሙሌቱ ግን ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ከባትሪ አሲድ ጎን ስለሚቀመጥ ግን ጽሑፉን ሁለቴ ማንበብ ነው።

እጥበቱ ጊዜ የሚፈጀው በማጠቡ ሳይሆን በመጠበቁ ነው። የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፍቶ ሞተሩን ማስነሳት፣ የራዲያተሩ የላይኛው የጎማ ቱቦ እስኪሞቅ መጠበቅ፣ ማጥፋት፣ እስኪቀዘቅዝ ደግሞ መጠበቅ። ቱቦው ካልሞቀ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም፤ ቴርሞስታቱ ካልተከፈተ የታጠበው ግማሽ ብቻ ነው።

"ቴርሞስታት አላት እንዴ?" አለ የቪትዙ ልጅ፣ ደንግጦ። "አውጣና ጣላት! እዚህ አገር አታስፈልግም።"

ይህ ምክር በጋራዦቻችን የሕግ ያህል ጸንቷል፤ ስንቱን ሞተር እንደጎዳ ሳስብ ያበሽቀኛል። ቴርሞስታት ውስጧ ሰም ያላት ትንሽ ዕቃ ናት፤ በ82 ዲግሪ ገደማ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና በሩን ይከፍታል። እሷ ከሌለች ሞተሩ በጥቅምት ማለዳ ብርድ ሲንቀጠቀጥ ይውላል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ውስጡም ይፋቃል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ከዚህ የሚገርም ነገር አለ። ሞተሩ ሲሞቅ ያቺው ቴርሞስታት በታችኛው ሳህኗ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚያልፍበትን አቋራጭ ትዘጋለች። እሷን አውጥቶ የጣለ ሰው አቋራጩን ከፍቶ ተወው፤ ዳገት ላይ መኪናዋ የምትሞቀው "እንዳትሞቅ" በተደረገው ነገር ነው።

የእኔዋን አውጥቼ በክር አንጠልጥዬ ድስት ውስጥ ፈተንኳት። ውሃ እዚህ በ92 ስለሚፈላ አሥር ዲግሪ ይተርፈናል፤ ከመፍላቱ በፊት በሯን ከፈተች። ባለቤቴ ከኩሽና "በየትኛው ድስት?" ብላ ጠየቀች። ያ ድስት ወደ ወጥ አልተመለሰም።

ሙሌቱ ላይ አንድ ተንኮል አለ። ራዲያተሩ ሲፈስ ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ አይወጣም፤ ብዙው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ የበጠበጠ ሰው ከድሮው ውሃ ጋር ተደምሮ ሩብ ኩላንት ይዞ ይቀራል። መፍትሔው የጠቅላላውን ግማሽ፣ ለአምስት ሊትር ሁለት ሊትር ተኩል፣ ያልተበጠበጠውን ኩላንት ቀድሞ ማስገባት፣ ቀሪውን በተጣራ ውሃ መሙላት ነው። ይህ የሚሠራው ያልተበጠበጠ ለገዛ ብቻ ነው፤ ተበጥብጦ የሚሸጠውም ጠርሙሱ ያው ነው።

የቀረው አየር ማስወጣት ነበር። ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ እንድትሆን ዳገት ላይ ትቁም ይባላል፤ አየር ወደ ላይ ይሸሻልና። በግቢያችን ያለው ዳገት አንድ ነው፤ የበሩ መግቢያ። አቆምኳት።

"እዚህ አይቆምም" አለኝ ዘበኛው።

"ትንሽ ነው፤ አየሩ እስኪወጣላት።"

"አየር በሌላም ቦታ አለ።"

ከኋላዬ ሚኒባስ ክላክስ ያሰማል፣ እኔ ፀሐይ ላይ ማሞቂያ ከፍቼ ያልበኛል፣ ማሙሽ የራዲያተሩን አፍ ከራቀበት ሆኖ እያየ "ወጣ! ደግሞ ወጣ!" እያለ አረፋ ያስታውቃል። ይህ ሁሉ ለቀልድ አይደለም። ውስጥ የቀረ አየር የሙቀት መለኪያው ዘንድ ከሰፈረ፣ ሞተሩ እየነደደ መቁጠሪያው "ደህና ነኝ" ሊል ይችላል። አረፋው ቆመ፣ ከማሞቂያው ትኩስ አየር ሳያቋርጥ መጣ፣ ጎደል ያለውን ሞላሁ፣ ክዳኑን አጠበቅኩ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ መጠባበቂያ ጠርሙሱን ማየት ብቻ ይቀራል።

አሁን ሳፋውና ባልዲው ቀሩ። አሮጌው ኩላንት፣ የመጀመሪያዎቹ እጣቢዎችም ጭምር። ኤትሊን ግላይኮል የሚባለው መሠረቱ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻ ይልሰዋል፣ ሕፃንም ለስላሳ መጠጥ መስሎት ሊጠጣው ይችላል፣ ኩላሊት ይገድላል። ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ ሣር ላይ አይደፋም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ጥግ ላይ አይቀመጥም። ቀና ብዬ ጠየቅሁ፦

"ይህን የት ልድፋው?"

ጠዋቱን ሙሉ ምክር ያልነጠፈበት ግቢ ዝም አለ። ዳቦ የረሳው ዳቦውን አስታወሰ። የጥርስ ብሩሹ ባለቤት አፉን ሊጉመጠመጥ ሄደ። የቪትዙ ልጅ ስልኩ ጠራ፤ ሲጠራ ግን አልሰማሁም። ለተቃጠለ ዘይት ገዢ አለ፤ ለአሮጌ ኩላንት ጋራዡም ትከሻውን ነው የሚያሳየው። በሃያ ሊትር ጀሪካን ገለበጥኩት፣ ክዳኑን አጠበቅኩ፣ በወፍራም ቀለም "መርዝ" ብዬ ጽፌ፣ የሚቀበለኝ እስካገኝ ዕቃ ቤት ቆለፍኩበት።

ሰኞ ማታ ሻምበል በር አንኳኩ። ስለ ሙቀቷ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

"ያቺ ጀሪካን" አሉ። "ባዶ ስትሆን ለእትዬ እንድትሰጥልን።"

ውሃ ከእንግዲህ አይያዝባትም አልኳቸው። መርዙ ቢታጠብም አላምነውም፣ እበሳታለሁ እንጂ አልሰጥም አልኩ።

"ደህናዋን ጀሪካን ልትበሳ?" አሉ፣ ከራዲያተሩ ሁሉ ይልቅ በዚህ ደንግጠው።